የጠበበው ኮት

ልብስ ሰፊው የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበው ኮቱ ነበር።

አይፈረድበትም፤ ሰው የሚጨነቀው በሚያውቀው ነው። ሐኪሙን አያውቀውም፤ ኮቱን ግን የሠራው ራሱ ነው። ግራጫ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ገበሩ ሰማያዊ፤ በደህናው ጊዜ ትከሻው ላይ እንደ ቆዳው ይቀመጥ ነበር። ያን ዕለት ከሱቁ መስታወት ፊት ቆሞ ቢያጠልቀው ግን ኮቱ ተሰቀለ እንጂ አልተለበሰም። አንገትጌው ከአንገቱ ሸሽቷል፤ ደረቱ ላይ ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ተርፏል።

«ጋሼ፣ የማን ኮት ነው?» አለች ዘምዛሚዋ። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ እየዘመዘመች ነበር። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ ልጅ ናት።

ልብስ ሰፊው ኮቱን ቁልቁል ጎተተው። እሷም ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ አየችና ክሯን በጥርሷ በጥሳ ወደ ዝምዘማዋ ተመለሰች።

ነገሩ የጀመረው በመቀስ ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቅ መቁረጥ አቃተው። መለካቱን ይለካል፤ በጠመኔ መስመሩን ያሰምራል፤ መቀሱን ያነሣል፤ ያኔ ልቡ ውኃ ይሆናል። «ብሳሳትስ?» ይላል። መቀሱን አስቀምጦ እንደገና ይለካል። ልኩ ያው ነው። እንደገና ይለካል። መጀመሪያ ሰሞን ዘምዛሚዋ «ጋሼ፣ ጨርቁ ያድጋል ብለው ነው?» እያለች ትስቅ ነበር፤ እሱም አብሯት ይስቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሁለቱም መሳቁን ተዉት። ደንበኛ ሲመጣ «ነገ» ይላል፤ ነገ ሲመጣ «የሚመጣው ሳምንት» ይላል፤ መደርደሪያው ባልተቆረጠ ጨርቅ ሞላ። ቀጥሎ ምግብ አፉ ውስጥ ጥጥ ጥጥ ይለው ጀመር። ቀጥሎ እንቅልፍ ጥሎት ሄደ። አንድ ቀን ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ብቅ ብትል፣ የሰው ጨርቅ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ እንባው ሲወርድ አገኘችው።

«ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

«ማንም» አላት።

ሰው ሳይሞት ማልቀሱ ሰው ከመሞቱ ይልቅ አስደነገጣት። በማግሥቱ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አነጋግራው ለአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችለት።

ለነርሷም ሆነ ለሚስቱ ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ምነው ባልነቃሁ!» የሚል ነው። ምንም ሊያደርግ አስቦ አያውቅም። ብቻ ይላል። ይልና ተነሥቶ ይታጠባል፤ ሱቁን ይከፍታል። ሐሳቡ ግን ገበር ውስጥ እንደተረሳ ስፒል ነው፤ ቀኑን ሙሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወጋ ያደርገዋል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታላቅ እኅቱ ሱቁ መጣች። ሚስቱ የምትሠራው የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስለሆነ በቀጠሮው ሰዓት ልጆቹን ጥላ መውጣት አልቻለችም፤ ይዛው የምትሄደው እኅቱ ናት። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ እሱም እስከ ዛሬ «እትዬ» ይላታል። ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል አጽጂዎች አለቃ ሆና ነው። የሥራዋ ጥበብ ሲጠቃለል፣ ሰው ያደረበትን ክፍል ማንም አድሮበት የማያውቅ ማስመሰል ነበር። አንሶላው ላይ እጥፋት፣ ብርጭቆው ላይ የከንፈር ምልክት፣ ትራሱ ላይ ፀጉር አይቀርም። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ ዓይኗ አልወጣም። ገና ከበሩ ስትደርስ ወንድሟን ከራሱ እስከ እግሩ ቃኘችውና፣ ክፍሉ ገና ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ድንቡሼ፣ ይሄማ አይሆንም» አለች። በሕፃንነቱ ወፍራም ስለነበር ያወጣችለት ስም ነው፤ ሥጋው ቢከዳውም ስሙ አልከዳውም። «እንዲህ ተንጠልጥለህ ልትገባ? ገና ሲያይህ አልጋ ያዝ ነው የሚልህ!»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«ልብስ ሰፊው አንተ፣ ምን ላድርግ ብለህ የምትጠይቀው እኔን? አጥብበው!»

ይህንንስ ያውቅበታል። ኑሮው የሰውን ጉድለት መሸፈን ነው። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ሲመጣ ጥጥ ጨምሮ ያስተካክልለታል፤ ጎባጣውን ቀጥ፣ ኮስማናውን ሞላ ያደርገዋል። ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ቆመ፤ እኅቱ ከግራና ከቀኝ ትርፉን እየቆነጠረች በስፒል ያዘችለት። አውልቆ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። የሚገርመው፣ እዚህ ላይ እጁ አልፈራም። መቁረጥ የለበትማ፤ መደበቅ ብቻ ነው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ።

«አየህ?» አለች እኅቱ መልሳ ስታለብሰው። «አሁን ሰው መሰልክ።»

ለሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ልምምድ ማታ ቤት ውስጥ ሆነ፤ ሚስቱ ከሥራ ገብታ ድንች እየላጠች። እኅቱ የወንድሟን መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰካች፤ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገችና ሐኪም ሆነች።

«እሺ። እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«እንቅልፍስ…»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው በል።»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ ዓይኗን ከድንቹ ሳታነሣ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲነሣ፣ ሲያለቅስ ነው የሚያድረው። ሕፃናት የማስተኛው እኔ፣ መቼ ጠፋኝ።»

«አንቺ ደግሞ ልጁን አታሳስቺው። ምግብስ?»

«ምግብ…»

«የቀረበልኝን ጥርግ አድርጌ እበላለሁ።»

«የቀረበልኝን ጥርግ አድርጌ እበላለሁ።»

«የምትጠርገውስ ድመቷ ናት» አለች ሚስቱ። «ሰሞኑን አይተዋታል እትዬ? አሁን ድንቡሼ እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊው ሳያስበው ሳቀ። እኅቱም ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቁ ቀደማት፤ መነጽሩ ወደቀ። ቤቱ ሳቅ ከሰማ ሰንብቶ ነበርና ሦስቱም ትንሽ አስረዘሙት።

«በይ፣ ቁም ነገር ላይ ነን» አለች እኅቱ መነጽሩን መልሳ። «ጎረቤት ከጠየቀ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው የሄደው፣ ሰምታችኋል?»

«አንድ ጥርሱን ነቅለን እንላከው እንዴ፣ እንዲያምኑን?» አለች ሚስቱ።

«ሥራስ?» አለች እኅቱ፣ ያልሰማች መስላ።

«ጨርቅ መቁረጥ…»

«ሥራ በዝቶብኝ ትንሽ ደክሞኝ ነው በል። ውሸት ነው? መደርደሪያህ ሞልቶ የለም?»

«ሥራ በዝቶብኝ ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«ጎበዝ። ሌላስ? ሌላ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የጠየቀችው፤ ሐኪም እንዲህ ይላል ብላ ስታስብ። ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ከመነጽሩ ይሁን ከድምፁ፣ ከምሩ የሚጠይቀው ሰው የተገኘ መሰለው፤ ምላሱም ሳያማክረው ተንቀሳቀሰ።

«ጠዋት ጠዋት…» አለ።

የሚስቱ ቢላዋ ቆመ።

«ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንቀሳቀሳለሁ፣ ሰውነቴን አፍታታለሁ በል» አለች እኅቱ ፈጥና። «ሐኪሞች ይሄን ይወዳሉ።»

የጀመረውን ዋጠው። «ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንቀሳቀሳለሁ» አለ።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና» አለች ሚስቱ፤ አሁን በድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ይሄን ያህል ደህና ከሆነ ለምን ይሄዳል?»

እኅቱ መነጽሩን አወለቀች።

«ሄዶ እንዲመለስ ነዋ» አለች። «አጎታችንን አንቺ አልደረስሽበትም። እሱም አያስታውሰውም፤ ጡት አልጣለም ነበር። አእምሮውን ይታይ ብለው ወሰዱት። ሸሚዙ እንደተቀደደ፣ ፀጉሩ እንደተንጨባረረ ነው ከቤት የወጣው፤ በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። የተሰማውን ሁሉ ዘርግፎ ነገራቸው አሉ። እዚያው አስቀሩት። እናታችን እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ እንዳለች ነው። እኔ ይሄን ልጅ በእጄ ወስጄ አላስቀረውም።»

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የእኅቱን እጅ ያዘች። «ያኔ ሌላ ዘመን ነበር እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

«ዘመኑ ሌላ ይሁን። በሩ ያው በር ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራዋ ከመውጣቷ በፊት ኮቱን ራሷ አለበሰችው። ቁልፉን ቆለፈችለት። ከዚያ ሁለት እጆቿን በጎንና ጎኑ አስገብታ፣ ስፌቱን ተከትላ ከብብቱ እስከ ወገቡ አወረደቻቸው። አብራው የኖረች ሚስት ናት፤ ምን ያህል እንደተቆነጠረ ጣቷ ነገራት።

«አምሯል» አለች። «ኮቱስ ይሄዳል። አንተን ማን ይውሰድህ?»

ለመልስ ፋታ አልሰጠችውም፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቀጠሮው ረፋድ ላይ ነበርና እስከዚያ ሱቁን ከፈተ። ኮቱን እንዳይጨማደድ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የአውቶቡስ ሹፌሩ ገባ። ሆዱ ከሱ ቀድሞ፣ ድምፁ ደግሞ ከሆዱ ቀድሞ በር የሚያልፍ ሰው ነው። ልጁን ሊድር ነው፤ የኮቱ ጨርቅ ግን ከነጠመኔው መስመር መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል።

«እህሳ፣ የኔ ኮት!» አለ። «ወይስ ያሰብከው ለልጅ ልጄ ሰርግ ልታደርስልኝ ነው?»

«እንደገና ልለካዎት» አለ ልብስ ሰፊው።

«እንደገና? ያለፈውን ልክ ምን በላው? አይ አንተ! በል እሺ፣ ለካኝ።»

ሹፌሩ ከመስታወቱ ፊት ተገተረ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቡ ላይ ሲያዞረው፣ ሹፌሩ በረጅሙ አየር ሳበና ሆዱን ወደ ውስጥ ሸሸገው። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይልቀቁት» አለ ልብስ ሰፊው።

«ምኑን?» አለ ሹፌሩ ትንፋሹን እንደያዘ።

«ሆድዎን።»

«ይሄው ነው ሆዴ!»

«ይሄ ምኞትዎ ነው።»

ዘምዛሚዋ ፊቷን በሱሪው ሸፍና ሳቀች።

«ሰርጉ ላይ እንዲህ ሆኜ ነው እኮ የምቆመው» አለ ሹፌሩ በጭንቅ።

«ሲቀመጡስ? ምሳ ሲበሉስ? ልጅዎ ስማዎት ስትሄድ እንባዎ ሲመጣስ? ያኔ ቁልፉ ተፈናጥሮ የሙሽራውን ዓይን ያጠፋል።» ይህን ንግግር ለስንቱ ደንበኛ እንዳለው አያውቅም፤ ከመልመዱ የተነሣ አፉ ብቻውን ነው የሚናገረው። «እኔ ፊት ሆድ አይሳብም። የሸሸጉኝን ልለካው አልችልም። እንዲህ ሆነው ለክቼ ብሰጥዎት የሚታፈኑት እርስዎ ነዎት። ይልቀቁት፣ ይተንፍሱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሥራ ነው።»

ሹፌሩ «ኡፍፍፍ!» ብሎ ለቀቀው። ሜትሩ በልብስ ሰፊው ጣቶች መካከል እየተንሸራተተ ረዘመ። ከሆዱ ጋር የሹፌሩ ትከሻም ወረደ፤ ግንባሩም ተፈታ። ድምፁ እንኳ መጠኑ ቀነሰ።

«ይሄ ሆድ» አለ ራሱን በመስታወት እያየ። «ሰው ፊት ሳልስበው የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለካ ደክሞኝ ኖሯል።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለው ግራጫ ኮት፣ ማንም ሳይለብሰው፣ ሆዱን ስቦ ትንፋሹን ይዞ የቆመ ሰው መሰለው።

«ምነው ዝም አልክ? ጨመርኩ እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«አይ፣ እርስዎ ደህና ነዎት» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ነኝ ያልሆንኩት። ጨርቅዎ ልኩ ጠፍቶብኝ አይደለም ሳይቆረጥ የቆየው። አሞኝ ነው። ዛሬ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ መቼ እንደሚደርስልዎት ግን ልዋሽዎት አልችልም።»

ሹፌሩ ቀበቶውን እያጠበቀ አየው። ምን አመመህ ብሎ አልጠየቀም። መደርደሪያውን፣ ሰውየውን፣ እንደገና መደርደሪያውን አየና ነገሩ የገባው መሰለ።

«ታዲያ ይሄን ነበር ከመጀመሪያው መናገር!» አለ። «ሂድ ታከም። ኮት እንደሆነ አሮጌውን አስተኩሼ እለብሳለሁ። ጠባብ ነው፤ ምን ችግር አለው፣ ቆሜ እበላለሁ።»

ሹፌሩ እንደወጣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ፤ ገልብጦ ጭኑ ላይ አነጠፈው። ትንሿን መቀስ አነሣና የትናንቱን ስፌት ከብብቱ ጀምሮ ይተረትር ገባ።

«ጋሼ! ትናንት አይደል እንዴ የጠበበው?» አለች ዘምዛሚዋ።

«ልኬ አይደለም።»

«ልክዎ የቱ ነው ታዲያ?»

«ሰፊው።»

ዘምዛሚዋ በርጩማዋን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የሌላውን ጎን ስፌት ያዘች። ሁለቱ አንድ ኮት መካከላቸው ዘርግተው፣ አንዱ በግራ አንዷ በቀኝ፣ ተረተሩት። የተቆረጠውን ክር ወለሉ ላይ አራገፉት።

እኅቱ እንደተቀጣጠሩት ክሊኒኩ በር ላይ ቀድማ ደርሳ ነበር፤ ጫማዋ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ወንድሟን ከሩቅ ስታየው እጇ አፏ ላይ ወጣ። ኮቱ በነፋሱ ይርገበገባል።

«ምነው! ተተረተረብህ?»

«ተረተርኩት።»

«ኧረ እግዚኦ! ና፣ ስፒል ይዣለሁ፣ ሳይጠሩህ…» ብላ ወደ መጠበቂያው ክፍል አስገባችው። አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጣው ከቦርሳዋ ስፒል አወጣች፤ ከኋላው የኮቱን ትርፍ መቆንጠር ስትጀምር እጇን ያዘው።

«እትዬ፣ ትናንት ጠዋት ጠዋት ያልኩሽ መንቀሳቀስ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?» አለች። ስፒሉ ከንፈሯ ላይ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ስነቃ፣ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ።»

እኅቱ ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣች። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋች። ለዚህ የሚሆን ጨርቅም፣ መጥረጊያም፣ መደበቂያም ቦርሳዋ ውስጥ አልነበራትም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«መቀሱ ካቃተኝ ጀምሮ።»

«እኔን! ይሄን ይዘህ ነው በእግሬ እንቀሳቀሳለሁ ያስባልኩህ?»

«ስለፈራሽልኝ ነው።»

«ፈራሁ» አለች። «አሁንም እፈራለሁ።» አጠገቧ ያሉት ሰዎች እንዳያዩዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ቆይታ ፊቷን ስትመልስ እንባዋን አልጠረገችውም። ምልክት ሳታጠፋ ስትተው ይህ ምናልባት የመጀመሪያዋ ነው።

«ንገረው» አለች። «ትናንት ያስጠናሁህን ሁሉ እርሳው። እንቅልፉንም፣ ድመቷንም፣ ይሄንንም፣ ሁሉን ንገረው። እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም። ካልመለሱህ በሩን ገንጥዬ ነው የምገባው፣ ሰምተሃል ድንቡሼ?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

የክሊኒኩ ነርስ ብቅ ብላ ተራው መድረሱን ነገረችው። ሲነሣ እኅቱ አንገቱ ላይ የተረሳውን ሜትር አየች። ልታወርድለት እጇን ዘረጋች፤ አሰበችና የኮሌታውን ጫፍ ብቻ ነካ አድርጋ መለሰችው።

ክፍሉ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት ነበረው። የጠበቁት ወንድ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ሴት ሆነች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ለመናገር የማትቸኩል። ከተቀመጡ በኋላ ጥቂት አየችው። ዓይኗ ሜትሩ ላይ፣ ቀጥሎ ኮቱ ላይ አረፈ።

«ኮቱ የራስዎ ነው?» አለችው።

«የራሴ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ስሠራው ልኬ ነበር።»

«አሁንስ?»

ከትናንት ጀምሮ ይሁን ከዚያ በፊት ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀው። ሲለቀው ትከሻው ወረደ፤ ኮቱም አብሮት ወረደ።

«አሁን» አለ፣ «ከጠዋቱ ልጀምርልዎት።»